ክላስተር ውስጥ የተበተነው የሬዲዮ ጨረር፦ የጎንደር ልጆች ይጠይቃሉ፣ መምህር ይመልሳሉ

ከማራኪ፦ መምህር፣ ክላስተር (የጋላክሲዎች ስብስብ) ውስጥ ያለው ይሄ ጨረር ከጋላክሲዎቹ የሚወጣ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ አይደለም። በጋላክሲዎቹ መሃል ካለው ባዶ መሳይ ቦታ ነው። በብርሃን ፍጥነት አቅራቢያ የሚበሩ ኤሌክትሮኖች ደካማ ማግኔቲክ ፊልድ ውስጥ ሲጠማዘዙ የሬዲዮ ሞገድ ይለቃሉ። ሲንክሮትሮን ይሉታል። ጨረሩ የክላስተሩ መሃል ላይ ሲሆን ሄሎ፣ ዳር ላይ ሲሆን ሬሊክ ይባላል። ኮማ ክላስተር ሁለቱም አሉት።

ከፒያሳ፦ ኤሌክትሮኖቹ አይደክሙም?

መልስ፦ ጎሽ! ይደክማሉ እንጂ፤ 100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ቢቆዩ ነው። ሄሎው ግን 3 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ይሰፋል። እየተንሳፈፉ ከመሃል ዳር ለመድረስ ዕድሜያቸው አይበቃም። ስለዚህ እዚያው በያሉበት ጉልበት የሚሰጣቸው ነገር መኖር አለበት። ክላስተሮች ሲላተሙ ጋዙ ይናወጣል፤ ነውጡ የደከሙትን መልሶ ያፈጥናቸዋል። ሬሊክን የሚሠራው ደግሞ የግጭቱ ሾክ ሞገድ (ጋዙን በድንገት የሚጨምቅ ሞገድ) ነው።

ከአራዳ፦ ስለ ስፔስ በአጠቃላይ ቢነግሩን?

መልስ፦ ጥያቄ ይዘህ ና።

ከአዘዞ፦ መምህር፣ የሚርካትን (የደቡብ አፍሪካውን የሬዲዮ ቴሌስኮፕ) የክላስተር ምስል አውርጄ አደበዘዝኩት። መሃሉ ላይ ሰፊ ነገር ወጣ። ሄሎ ነው አይደል?

መልስ፦ ቆይ፣ ቀስ በል! ምስል ስታደበዝዝ ጥቃቅኖቹ ጋላክሲዎች ተዋህደው ሄሎ ይመስላሉ። መጀመሪያ ነጠላ ምንጮቹን ቀንስ። በረጃጅም ቤዝላይኖች (በሁለት ዲሾች መካከል ባለ ርቀት) ብቻ ምስል ሥራ፣ ጥቃቅኖቹን ለይ፣ ከዳታው ላይ ቀንስ፣ ከዚያ በኋላ አደብዝዝ። የኤክስሬይ ምስልም አምጣ፤ ሄሎ አብዛኛውን ጊዜ የጋሙን ጋዝ ቅርጽ ይከተላል። ሌላው ነገር፣ አጭር ቤዝላይን የሌለው ኢንተርፈሮሜትር (ብዙ ዲሾችን እንደ አንድ ቴሌስኮፕ የሚያሠራ) ወንፊት ነው፤ ጥቃቅኑን አሳልፎ ሰፊውን ያስቀራል። ሚርካት የተመረጠው ለዚህ ነው። ከ64ቱ ዲሾች አብዛኞቹ መሃል ላይ ታጭቀዋል፤ አጭሩ ርቀት 29 ሜትር ነው።

ከቀበሌ 16፦ እኔም አደብዝዤ አንድ ሰፊ ነገር አግኝቻለሁ...

መልስ፦ ቀንሰሃል? ካልቀነስክ ከላይ ያለውን አንብብ።

ከፒያሳ፦ የእንጦጦው ቴሌስኮፕ አያየውም?

ከአዘዞ፦ እሱ እኮ የብርሃን ነው!

ከፒያሳ፦ እንግዲያው ስሜን ተራሮች ላይ የሬዲዮ ይተከልልን። ሁሉም ነገር አዲስ አበባ ብቻ ነው እንዴ?

ከአራዳ፦ ክረምቱን በዚያ ደመና ምን ሊያይ?

መልስ፦ ደመና ሬዲዮን ብዙም አይከለክልም። የሚከለክለው ስልካችሁ ነው። ወደ ጉዳያችን!

ከማራኪ፦ ሎፋር፣ የአውሮፓው የሬዲዮ ቴሌስኮፕ፣ ለምን ዝቅ ባለ ፍሪኩዌንሲ ይመለከታል?

መልስ፦ ሄሎ ፍሪኩዌንሲው ዝቅ ሲል ይደምቃል። አዛውንት ኤሌክትሮኖች የሚታዩት እዚያ ነው። ሎፋር ለክላስተር በአብዛኛው የሚሠራው በ150 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው። ችግሩ ኤፍኤም ነው፤ ከ88 እስከ 108 ያለውን ጣቢያዎቹ ይዘውታል። ነጠላ ምንጮችን መቀነስ እዚህም ግዴታ ነው፣ እንዳትረሱ።

ከፒያሳ፦ ስሜን ላይ ኤፍኤም ይይዛል እንዴ?

መልስ፦ ይቺን እለፉኝ።