ለቪትዜ የቱን ቶርክ ሬንች ልግዛ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምነዳው ቪትዝ ነው። በቅርቡ ጎማ ፈነዳብኝና መንገድ ዳር ልቀይር ስል ጎሚስታው ዳዶውን በአየር ጠርቅሞት ኖሮ ቁልፉ ላይ ቆሜበት እንኳ እምቢ አለኝ። ከእንግዲህ በቶርክ ሬንች፣ ማለትም የተሞላለት ልክ ሲደርስ ጠቅ በሚለው ቁልፍ፣ ራሴ በልኩ ማሰር እፈልጋለሁ። ዕቃ ቤት ስጠይቅ ከ28 እስከ 210 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) የሚለውን ትልቁን አሳዩኝና «ለሁሉም ይሆናል፣ ለካንዴላም» አሉኝ። ዲጂታልም አለ፣ ዋጋው ግን አይቀመስም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ትልቁን ግዛ። «ለካንዴላም» የምትለዋን ግን እርሳት።

የቪትዝ የጎማ ዳዶ የሚታሰረው በ103 ኒውተን ሜትር ነው፣ ይሄ ደግሞ ለዚያ መሣሪያ መሃሉ ላይ ነው። ጠቅ የሚሉት ቶርክ ሬንቾች ከትልቁ ቁጥራቸው 20 በመቶ በታች ሲሆን ብዙም አይታመኑም፤ ካንዴላ የሚፈልገው ደግሞ 20 ኒውተን ሜትር አካባቢ ስለሆነ ጭራሽ ከመነሻው ከ28ም በታች ነው። በዚያ ረጅም እጀታ ጠቅ እስኪል ብትጠብቅ መጀመሪያ የሚሄደው የቴስታታው (ካንዴላው የሚታሰርበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጥርስ ነው፣ አሉሚኒየም ነዋ! ካንዴላም ራሴ ካልክ ለሱ ባለ 3/8 ኢንች ትንሹን ለብቻው ትገዛለህ። ለጎማ ብቻ ከሆነ ዲጂታሉ የባትሪ ወጪ ነው።

ስትገዛ እጀታው ላይ ያለውን ጽሑፍ አጥብቀህ እየው። ብዙዎቹ በአንድ በኩል ኒውተን ሜትር፣ በሌላው ፉት ፓውንድ አላቸው። ተሳስተህ 103ን በፉት ፓውንዱ በኩል ብትሞላ ወደ 140 ኒውተን ሜትር ታስራለህ፣ ማለትም ያው የጎሚስታውን ሥራ ሠራህ። አሞላሉም እንዲህ ነው፦ አንዳንዶቹ ላይ ቋሚው መስመር በ14 በ14 ስለሚሄድ 98 ላይ ታደርስና የሚሽከረከረውን ቀለበት 5 ቁጥር ላይ ታቆመዋለህ፤ 103 መጣልህ።

ዳዶውን በእጅ አስጀምር፣ ግሪስም ዘይትም አትቀባ፤ ከተቀባ በዚያው ቁጥር ብሎኑ ከልክ በላይ ይሳባል። ከክሪክ አውርደህ ጎማው መሬት ሲነካ በተቃራኒ በተቃራኒ እያደረግክ እሰር፣ አንዴ ጠቅ ካለ በቃ። ለእርግጠኝነት ደግሜ ጠቅ ላድርገው የሚሉ አሉ፣ እሱ መጨመር ነው እንጂ ማረጋገጥ አይደለም። ዳዶ ለመፍታትም አትጠቀምበት። ስትጨርስ ወደ ዝቅተኛው ቁጥር መልሰህ አስቀምጠው፣ ከዚያ በታች ግን አታላላው።

ጎሚስታ ጋ ስትሄድ ደግሞ በአየር ካሰረው በኋላ ያንተን ብታወጣ ወዲያው ጠቅ ይልና ልክ ይመስልሃል፤ 150ም ላይ ታስሮ ቢሆን ያው ነው የሚልህ። ስለዚህ ገና ሲጀምር «በእጅ ብቻ አስጠጋልኝ፣ ማጥበቁን ለኔ ተወው» በለው። ቅር ካለው ከፍለህ ትንሽ ራቅ በልና እያንዳንዱን ዳዶ አላልተህ እንደገና እሰረው።