ትራንዚስተሩ ለምን አልጠፋ ይላል? ጋሊየምስ ምን ይሰራል?

ሰላም። ከኢንዲየምና ከዚንክ ኦክሳይድ የሰራኸው ትራንዚስተር ጌቱ (ከረንቱን የሚከፍተውና የሚዘጋው ጫፍ) ዜሮ ቮልት ላይ ሆኖም ከረንት ማሳለፉን አላቆም ብሎሃል፣ ጋሊየም ብጨምርበት ምን ይለውጣል ነው ጥያቄህ። ብዙ ይለውጣል።

ጣጣው ያለው ኦክስጅኑ ጋ ነው። ፊልሙ (ስሱ የኦክሳይድ ንጣፍ) ሲሰራ ኦክስጅን መቀመጥ የነበረበት ቦታ ባዶ ከቀረ፣ እሱ ይዟቸው ይቆይ የነበሩት ኤሌክትሮኖች ነፃ ይወጣሉ፤ እነሱ ሲበዙ ደግሞ ጌቱ ጠራርጎ ማስወጣት ያቅተውና ቻናሉ (ከረንቱ የሚያልፍበት መንገድ) እንደ ሽቦ ይሆናል። ጋሊየም ከኢንዲየምም ከዚንክም በላይ ኦክስጅንን አጥብቆ ይይዛል። ባዶ ቦታው ይቀንሳል። ሲሊከን ላይ ዶፒንግ (ትንሽ ባዕድ አተም መጨመር) የለመድነው ቻርጅ ለመጨመር ነው፣ እዚህ ግን ለመቀነስ ነው የምንጨምረው፤ ይሄ ነገር እኔን ሁሌም ይገርመኛል።

ግን አታብዛው። ኤሌክትሮኖቹን የሚያስሮጠው ኢንዲየም ነው፤ ትልልቅና ክብ ኦርቢታሎቹ (ኤሌክትሮኖች የሚገኙባቸው ክልሎች) አተሞቹ ተዘበራርቀው እንኳ ይነካካሉ። ጋሊየም ሲበዛ ሞቢሊቲው (ኤሌክትሮኖቹ የሚሮጡበት ቅልጥፍና) ይወርዳል። የጃፓናዊው ተመራማሪ የሆሶኖ ቡድን በ2004 ሶስቱን ቀላቅሎ በክፍል ሙቀት ፕላስቲክ ላይ ሲሰራ ከ6 እስከ 9 ካሬ ሴንቲሜትር በቮልት ሴኮንድ አግኝቷል። አሞርፈስ ሲሊከን (አተሞቹ በሥርዓት ያልተደረደሩበት) 1 አካባቢ ነው።

ታርጌት (ፊልሙ የሚሰራበትን ምንጭ ቁስ) ከመቀየርህ በፊት ግን ይሄን ሞክር። ስፐተር ስታደርግ (ታርጌቱን በአርጎን እየደበደብክ ፊልሙን ስታነጥፍ) ከአርጎኑ ጋር የምትለቀውን ኦክስጅን ትንሽ ከፍ አድርገው፣ ከዛ ፊልሙን አየር ላይ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ለአንድ ሰዓት አሙቀው። የመነሻ ቮልቴጁ (ትራንዚስተሩ ማሳለፍ የሚጀምርበት የጌት ቮልቴጅ) ወደ ፖዘቲቭ ከሸሸ ጥፋቱ የኦክስጅን ነበር ማለት ነው። ካልሸሸ የለካኸውን ከርቭ ለጥፈው፣ አብረን እናየዋለን።