የአንባቢያን ጥያቄና የእኛ መልስ፦ የሐምቡርጉ ጥቁር ባንዲራ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የአሥራ ሰባት ዓመት ወጣት አባት ነኝ። ሐምቡርግ የሚኖረው አጎቱ ባለፈው ክረምት ሊጠይቀን ሲመጣ የራኒንግ ዋይልድን «አንደር ጆሊ ሮጀር» የተባለ ሸክላ ይዞለት መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ቤታችን የመድፍና የጊታር ድምፅ ብቻ ሆኗል። ጎረቤቶቼ «ይህማ የሰይጣን ዘፈን ነው» ይሉኛል፤ ልጄ ደግሞ «ስለ ባሕር ወንበዴዎች የተሠራ የታሪክ አልበም ነው» ብሎ ይሟገተኛል። ማንን ልመን? (አንድ አባት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ጎረቤቶችዎም ልጅዎም ከእውነቱ ጥቂት ጥቂት ይዘዋል፤ ሆኖም ሁለቱም አልበሙን ከሆነው በላይ አድርገውታል።

ከጎረቤቶችዎ ልጀምር። በሮልፍ ካስፓሬክ የሚመራው ይህ የሐምቡርግ የሄቪ ሜታል ቡድን በ1984 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው «ጌትስ ቱ ፐርጋቶሪ» በተባለው የመጀመሪያ አልበሙ የሰይጣንን ስም በግልጽ ይጠራ ነበር፤ በዚያ ዘመን በነበሩ የሜታል ቡድኖች ዘንድ ይህ ስም ከአምልኮ ይልቅ በባለ ሥልጣን ላይ የማመፅ ምልክት ሆኖ ያገለግል ነበር። በዚያ አልበም ላይ ጊታር የተጫወተውና «ሰባኪው» የሚል ቅጽል ስም የነበረው ሰው ኋላ ቡድኑን ትቶ ነገረ መለኮት ሊማር መሄዱን ለጎረቤቶችዎ ቢያጫውቷቸው፣ ቢያንስ ቡናው ሞቅ ይላል። እርስዎ ቤት ያለው ሸክላ ግን በ1987 የወጣው ሦስተኛው አልበም ነው፤ ቡድኑ የሰይጣኑን ምልክት ወደ ጎን አድርጎ የባሕር ወንበዴውን ያነሣው በዚሁ አልበም ነው።

የርዕሱ ትርጉም «በጆሊ ሮጀር ሥር» ማለት ነው። ጆሊ ሮጀር በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በአትላንቲክና በካሪቢያን ይዘርፉ የነበሩ ወንበዴዎች የሚሰቅሉት፣ የራስ ቅልና አጥንት የተሣለበት ጥቁር ባንዲራ ስም ነው። ባንዲራው ለጌጥ የተሰቀለ ወይም ለአምልኮ የታሰበ አልነበረም፤ የነጋዴው መርከብ ሠራተኞች ሲያዩት ደንግጠው ያለ ውጊያ እንዲማረኩ፣ ወንበዴውም ባሩዱንና ነፍሱን እንዲቆጥብ የሚያደርግ ማስፈራሪያ ነበር። ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ ግን «ምሕረት የለም» ማለት ነው።

አሁን ወደ ልጅዎ ልመለስ። በአልበሙ ስምንት ዘፈኖች አሉ፤ የባሕር ወንበዴን ሕይወት ፊት ለፊት የሚያነሣው ግን በመድፍ ተኩስ የሚከፈተው የርዕሱ ዘፈን ነው። ከሌሎቹ መካከል አንዱ ርዕሱ «የለማኞች ሌሊት»፣ ሌላው «በቦይ ውስጥ የሚደረግ ጦርነት»፣ ሌላው «ቡጢህን አንሣ» የሚል ነው። እንደ እኔ አስተያየት የአልበሙ ምሥጢር ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ቡድኑ ድሮም የሚዘፍነው ስለ ተገፋና ስለ አመፀ ሰው ነበር፤ ወንበዴው ለዚያ ሰው ዘግይቶ የተገኘ ልብስ ነው። በችክችካ ያደገ የእኛ ጆሮ በመጀመሪያ ሊደክመው ይችላል፤ ድራሙ አራት በአራት ቀጥ ብሎ ይነዳል፣ ሁለቱ ጊታሮች አንድ አጭር ሐረግ እየደጋገሙ ይከተሉታል፣ አዝማቹ ግን ሕዝብ አብሮ እንዲጮኸው የተሠራ ስለሆነ ሁለት ጊዜ የሰማው ሰው ሳያስበው ያንጎራጉረዋል።

ልብሱ ከሐምቡርግ ልጅ ላይ ማማሩ አያስገርምም። ክላውስ ሽተርተቤከር የተባለው ስመ ጥር የባሕር ወንበዴ በ1400 ወይም በ1401 ግራስብሩክ በተባለው የከተማዋ ሥፍራ አንገቱን ተቀልቷል፤ ተከታዮቹም «እኩል ተካፋዮች» ይባሉ ነበር። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ የመጡት የካሪቢያን ወንበዴዎችም ካፒቴናቸውን በድምፅ ይመርጡ፣ ምርኮውን አስቀድመው በጻፉት ውል ይከፋፈሉ ነበር። በደመወዝ እጦትና በግርፋት ከተማረሩ መርከበኞች ወገን የመጡ ብዙዎች ስለነበሩ፣ አመፅን የሚያወድስ ሙዚቀኛ ቢማረክባቸው ይገባኛል።

ነገር ግን ዘፈኑ ዝም የሚለው ነገር አለ። በጥር 1722፣ ዛሬ ቤኒን በምትባለው አገር በኡይዳህ ወደብ፣ የባሕር ወንበዴው የባርቶሎሚው ሮበርትስ ሰዎች የማስለቀቂያ ገንዘብ አልከፍልም ያለውን ካፒቴን መርከብ አቃጠሉ፤ በውስጡም ሰማንያ ያህል አፍሪካውያን ባሪያዎች ሁለት ሁለት ሆነው በሰንሰለት ታስረው ነበር። ልጅዎ «የታሪክ አልበም» ሲል ይህንንም ቢያነብ መልካም ነው፤ ሸክላውን ግን አይከልክሉት። ታሪክ የሚፈልግ ከሆነ በቀጣዩ ዓመት በ1988 የወጣውን «ፖርት ሮያል» የተባለውን አልበም ያስመጡለት፤ የቤት ሥራው በደንብ የተሠራው እዚያ ላይ ነው። የመጨረሻው ዘፈን በ1720 የጃማይካ ወደብ በሆነችው በፖርት ሮያል ላይ ስለ ተሰቀለው ስለ ባሕር ወንበዴው ጆን ራካም፣ በቅጽል ስሙ ካሊኮ ጃክ፣ የሚተርክ ነው።

ጥያቄ፦ ጓደኞቼ አሌስቶርምን አስደምጠውኝ ስለ ወንበዴ የሚዘፍነው እርሱ ብቻ መስሎኝ ነበር። ከራኒንግ ዋይልድ ጋር ይዛመዳሉ? (ተማሪ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የሥጋ ሳይሆን የመንገድ ዝምድና አላቸው፤ መንገዱን የጠረገው የሐምቡርጉ ቡድን ነው። አሌስቶርም ከስኮትላንድ፣ ከፐርዝ ከተማ የመጣ ሲሆን የመጀመሪያ አልበሙን «ካፕቴን ሞርጋንስ ሪቬንጅ» በ2008 አወጣ። ካስፓሬክ ወንበዴውን በቁም ነገር ሲይዘው፣ በትከሻ የሚንጠለጠል ኪቦርድ እየተጫወተ የሚዘፍነው ክሪስቶፈር ቦውስ ግን ወንበዴውን ሰካራምና ቀልደኛ አድርጎታል። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ለድግስ ግን ሁለተኛው ይሻላል። ሁለቱን ቡድኖች የሚያገናኝ አንድ ሰው ቢፈልጉ ሄንሪ ሞርጋን ራሱ አለ፦ ከተሞችን ከዘረፈ በኋላ የጃማይካ ምክትል ገዥ ሆኖ በ1688 በሕመም ሞተና በፖርት ሮያል አጠገብ ተቀበረ፤ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በሰኔ 1692፣ የመሬት መንቀጥቀጥ የከተማይቱን አብዛኛውን ክፍል ሲያሰምጥ መቃብሩንም ባሕር ወሰደው።