«አማካይ ጫናው 20 በመቶ ነው» እየተባለ ሲስተሙ ለምን ይንቀራፈፋል?

ጥያቄ፦ የምሠራው ፍኖተ ሰላም ከተማ በሚገኝ አንድ የቁጠባና ብድር ተቋም የኮምፒውተር ክፍል ነው። በየወረዳው ባሉት ቅርንጫፎቻችን 40 ካሸሮች በአንድ ሰርቨር ይጠቀማሉ። በአዘቦት ቀን ችግር የለብንም፤ በገበያ ቀን ግን፣ ይልቁንም አርሶ አደሩ የማዳበሪያ ክፍያ በሚፈጽምበት ሰሞን፣ ሲስተሙ ይንቀራፈፋል፤ ደንበኛውም ያጉረመርማል። አቅራቢው ድርጅት «የሰርቨሩ አማካይ ጫና 20 በመቶ ብቻ ስለሆነ ገና ብዙ ይሸከማል» ይለናል። በቅርቡ የካሸሮቹን ቁጥር 120 ልናደርስ ነው። የምላሽ ጊዜው ምን ያህል እንደሚሆን አስቀድሞ መገመት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ለዚህም ውድ ሶፍትዌር ሳይሆን በትክክለኛው ሰዓት የተለኩ ጥቂት ቁጥሮች ይበቃሉ። አስቀድመው ግን አቅራቢውን ሁለት ነገር ይጠይቁት፦ 20 በመቶው የፕሮሰሰሩ (ስሌቱን የሚሠራው ክፍል) ነው ወይስ የዲስኩ (መረጃው የሚቀመጥበት ክፍል)? የተሰላውስ በስንት ሰዓት ላይ ነው? ሌሊቱንና እሑድን ጨምሮ የወጣ አማካይ፣ በገበያ ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ዲስኩ 95 በመቶ ተይዞ እንደነበር አያሳይም። በእኔ አስተያየት እንዲህ ያለ አማካይ ለውሳኔ የሚሆን ፋይዳ የለውም።

ጫናና መዘግየት እኩል አያድጉም። ዓርብ ከሰዓት ወፍጮ ቤት የሄደ ሰው እንደሚያውቀው፣ እህሉን ለመፍጨት የሚወስደው ጊዜ ያው ሆኖ ሳለ የሚያስመሸው ወረፋው ነው። ይህን ወረፋ በሒሳብ ማስላት የጀመረው ዴንማርካዊው አግነር ኤርላንግ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1909 ያወጣው ጽሑፍ የስልክ ጥሪዎችን የሚመለከት ነበር። ከእርሱ ሥራ በተገኘው ቀላል ቀመር መሠረት፣ የምላሽ ጊዜ የሚገኘው የአንዱን ሥራ ጊዜ፣ ከአንድ ላይ ጫናው (ክፍሉ በሥራ የተያዘበት የጊዜ ድርሻ፤ 50 በመቶ ከሆነ 0.5) ተቀንሶ ለሚቀረው በማካፈል ነው። ዲስኩ ለአንድ ጥያቄ 0.25 ሰከንድ ቢፈጅ፣ ጫናው 50 በመቶ ሲሆን ምላሹ 0.5 ሰከንድ፣ 80 በመቶ ሲሆን 1.25፣ 90 በመቶ ሲሆን 2.5፣ 95 በመቶ ሲሆን ደግሞ 5 ሰከንድ ይደርሳል። ከ90 ወደ 95 የተደረገችው ትንሽ ጭማሪ መዘግየቱን እጥፍ እንዳደረገችው ልብ ይበሉ።

0.25 ሰከንድ የሚለውን ቁጥር ከራስዎ ሰርቨር ማግኘት ቀላል ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ዲስኩ 30 ደቂቃ፣ ማለትም 1,800 ሰከንድ፣ ሥራ ላይ ከነበረና በሎጉ (ሰርቨሩ የሠራውን በሚመዘግብበት ፋይል) ላይ 7,200 ጥያቄዎች ተስተናግደው ከተመዘገቡ፣ ለአንዱ የደረሰው 0.25 ሰከንድ ነው። ፕሮሰሰሩንም በዚሁ መንገድ ያስሉት፤ ለምሳሌ 0.15 ሰከንድ እንበለው። ጥያቄ ስል አንድን ክፍያ በሙሉ ማለቴ አይደለም። ሒሳቡን መፈለግ፣ ፎቶና ፊርማ ማየት፣ ገንዘቡን መመዝገብና ደረሰኝ ማተም እያንዳንዳቸው ለሰርቨሩ አንድ አንድ ጥያቄ ናቸው።

ከካሸሮቹ ብዛት በላይ ውጤቱን የሚወስነው፣ አንድ ካሸር መልስ አግኝቶ ቀጣዩን ጥያቄ እስኪልክ የሚያልፈው ጊዜ ነው። በአዘቦት ቀን ይህ ፋታ 40 ሰከንድ ቢሆን፣ በገበያ ቀን መስኮቱ ፊት ሰው ተደርድሮ ስለሚጠብቅ ወደ 10 ሰከንድ ሊወርድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1961 አሜሪካዊው ምሁር ጆን ሊትል ካረጋገጠው የወረፋ ሕግ እንደምንረዳው፣ የካሸሮቹ ቁጥር ሰርቨሩ በሰከንድ ለሚጨርሳቸው ጥያቄዎች ተካፍሎ፣ ከውጤቱ ላይ ፋታው ሲቀነስ የምላሽ ጊዜው ይገኛል። ዲስኩ በሰከንድ ከ4 ጥያቄ በላይ መጨረስ ስለማይችል፣ በገበያ ቀን 120 ካሸሮች ቢኖሩ 120 ለ4 ተካፍሎ 30፣ ከዚያ ላይ 10 ተቀንሶ 20 ሰከንድ ይመጣል። ይህ ደግሞ ዝቅተኛው ግምት ነው፤ ከዚህ ሊያንስ አይችልም። በአዘቦት ቀን ግን እነዚሁ 120 ካሸሮች ዲስኩን ከ75 በመቶ በላይ ስለማይዙት ምላሹ በአንድ ሰከንድ አካባቢ ይሆናል።

ዛሬም 40 ካሸሮችዎ በገበያ ቀን አፋፍ ላይ ናቸው። የ10 ሰከንዱ ፋታ፣ የዲስኩ 0.25 እና የፕሮሰሰሩ 0.15 ተደምሮ 10.4 ሰከንድ ለዲስኩ 0.25 ሲካፈል 41.6 ይመጣልና፣ ከ41 ካሸር በላይ የሚጨመረው ሁሉ ወረፋ ከማስረዘም በቀር ሥራ አያፋጥንም።

ፈጣን ዲስክ ይገዛ ቢባል፣ የዲስኩ ጊዜ ወደ 0.1 ሰከንድ ይወርድና ማነቆው ወደ ፕሮሰሰሩ ይዛወራል፤ በዚያን ጊዜም 120 ካሸሮች ቢያንስ 8 ሰከንድ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ከሁለቱ የትኛውም ለአንድ ጥያቄ ከ0.05 ሰከንድ በላይ የማይፈጅበትን አቅም ይፈልጉ፤ እንዲህ ከሆነ በገበያ ቀንም ቢሆን ጫናው ከ60 በመቶ አይዘልም። የወር መጨረሻ ሪፖርት በሥራ ሰዓት የሚወጣ ከሆነ ወደ ማታ ማዛወሩ ምንም ወጪ የለውምና ከእርሱ ይጀምሩ።

ስሌቱ የማይሸፍናቸው ሁኔታዎች አሉ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሁሉም ካሸር በአንድ ጊዜ ስለሚገባ ቀመሩ አይሠራም። በካሸሩ መስኮት 15 ሰከንድ እየተቆጠረ በሰርቨሩ ሎግ 1 ሰከንድ ብቻ ከተመዘገበ ደግሞ ችግሩ የመስመሩ ነው፤ ሰርቨር ቢቀየርም «ሲስተም የለም» መባሉ አይቀርም። ሎጉም ረጅም ጊዜ እያሳየ ዲስኩና ፕሮሰሰሩ ግን ሥራ ፈተው ከታዩ፣ አንዱ ጥያቄ ሌላው የያዘውን መዝገብ እስኪለቅለት እየጠበቀ ሊሆን ስለሚችል ፕሮግራመሩ ይመልከተው።

ከአቅራቢው ጋር አዲስ ውል ሲዋዋሉ «አማካይ» የሚለውን ቃል ብቻውን አይቀበሉ። በዚህ ዓይነት ወረፋ አማካዩ 1 ሰከንድ ቢሆን እንኳ ከ20 ጥያቄ አንዱ ከ3 ሰከንድ በላይ ይቆያል። ውሉ ላይ «120 ካሸሮች በ10 ሰከንድ ፋታ ሲሠሩ ከ100 ጥያቄ 95ቱ ከ3 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ምላሽ ያገኛሉ» ተብሎ ይጻፍ፤ ርክክቡም ይህ በሙከራ ከታየ በኋላ ይሁን።