ሉፕ ስትለካ አርሲዲው ከጣለ መጀመሪያ ምጣዱን ንቀል

ሰላም ወንድሜ። ደብረ ሲና አዲስ ቤት መስመር ዘርግተህ የኩሽናውን ሶኬት ሉፕ ኢምፒዳንስ (ከረንት ከፌዝ በኤርዝ ዞሮ የሚመለስበትን መንገድ ተቃውሞ) ስትለካ 30 ሚሊአምፔሩ አርሲዲ (ከረንት ወደ ኤርዝ ሲያፈስ መብራቱን የሚቆርጠው) እየጣለ አስቸግሮሃል። ቴስተሩን አርሲዲ እንዳይጥል ትንሽ ከረንት ብቻ በሚለቀው «ኖ ትሪፕ» ላይ አድርገሃል፣ አርሲዲውንም ቀይረሃል፣ ያው ነው ብለሃል። እኔም እዚህ ደብረ ብርሃን በዚሁ ነገር አንድ ሙሉ ቀን ባክኛለሁ።

ቴስተሩ በሃይ ከረንት ሲለካ ከፌዝ ወደ ኤርዝ ለአፍታ 20 አምፔርና ከዚያም በላይ ይለቃል። በፌዝ የሄደው በኒውትራል ካልተመለሰ አርሲዲው ይጥላል። ሥራው ስለሆነ አትፍረድበት። ኖ ትሪፕ ግን የሚለቀው ወደ 15 ሚሊአምፔር ብቻ ነው። ታዲያ ለምን ይጥላል? 30 የተባለ አርሲዲ 30 እስኪሞላ አይጠብቅም። ከ15 በላይ የትም ላይ ሊጥል ይችላል፤ እኔ የለካኋቸው አብዛኞቹ ከ20 እስከ 25 ባለው ውስጥ ነው የሚጥሉት። ቤቱ ውስጥ ቀድሞ ወደ ኤርዝ ከረንት የሚያፈስ ነገር ካለ የአንተ 15 ሲጨመርበት አለቀ።

የእኔው ነገር የሆነው ሐምሌ ላይ ነው። የደብረ ብርሃንን ክረምት ታውቀዋለህ፣ ግድግዳው ራሱ ያልበዋል። እኔም እንዳንተ አርሲዲ ቀየርኩ። የሰው ብር በከንቱ አስወጣሁ፣ አሁንም ሳስበው አፍራለሁ። ሽቦ አቅፎ ከረንት የሚያነበው ክላምፕ ሜትር ትዝ ያለኝ ከሰዓት ነው። ሚሊአምፔር የሚያነበውን ማለቴ ነው፣ ተራው አይሆንም። ከአርሲዲው የሚወጡትን ፌዝና ኒውትራል አንድ ላይ አቀፍኩበት፣ ኤርዙን ውጭ ተውኩት። 11 ሚሊአምፔር! ምጣድ አልተጣደ፣ ቦይለር አልበራ።

ብሬከሮቹን አንድ በአንድ ሳወርድ፣ የኩሽናው ላይ ስደርስ ንባቡ 2 ሆነ። ኩሽና ውስጥ ያለው ፍሪጅና ምጣድ ነው። ምጣዱ ጠፍቷል፣ በእጄም ስነካው በረዶ ነው። የቤቱ እናት «ልጄ፣ ከትናንት ወዲያ ጋግሬ ዞር ብዬም አላየሁት» አሉኝ። ፕለጉን ነቀልኩት። ጉዱ እሱ ነበር። የምጣዱ ማብሪያ የሚቆርጠው አንዱን ሽቦ ብቻ ነው። ፕለጉ ተገልብጦ ስለተሰካ ኒውትራሉን ቆርጦ ፌዙን ሬዚስታንሱ ላይ ትቶታል። ሸክላው ደግሞ በክረምት እርጥበት ይጠጣል። በእሱ በኩል ወደ ቆርቆሮው፣ ከቆርቆሮው ወደ ኤርዝ ቀኑን ሙሉ ሲያፈስ ይውላል። 11 እና የእኔ 15፣ 26። ደግነቱ ኤርዙ ታስሯል። ኤርዙ ተቆርጦ የሚሠራ ምጣድ ስንት አለ፣ ያኔ የሚነዝረው ጋጋሪዋን ነው።

ስለዚህ ሁሉንም ንቀል። ማጥፋት አይበቃም፤ ምጣድ፣ ፍሪጅ፣ ቦይለር፣ ቲቪ፣ ስታቢላይዘር፣ ሁሉም። ተነቅሎም ከጣለ ጥፋቱ መስመሩ ውስጥ ነው። መብራቱን ቆርጠህ ፌዝና ኒውትራሉን አንድ ላይ አስረህ ከኤርዝ ጋር በ500 ቮልት ሜገር (የሽቦ ልባስ መለኪያ) ለካው። ከ1 ሜጋኦም በታች ከሆነ አትቀበለው፤ አዲስ መስመር እንዲያውም ከዚያ እጅግ መብለጥ አለበት። ኮርኒስ ሲመታ ሚስማር የነካው ገመድ ወይም ውሃ የገባበት ጀንክሽን ቦክስ ፈልግ።

እኔ አሁን ኖ ትሪፕን ብዙም አላምነውም። አንድ ሶኬት ላይ 0.9 ኦም ይልህና ደግመህ ስትለካ 1.3 ይላል። የአርሲዲው ኮይል ራሱ ንባቡን ከፍ ያደርገዋል። ሲ 16 (የ16 አምፔር) ብሬከር በማግኔቱ በእርግጠኝነት እንዲጥል 160 አምፔር ይፈልጋል፤ 220 ለ160 ስታካፍል 1.37 ኦም ነው፣ ሉፑ ከዚያ መብለጥ የለበትም። ስለዚህ ያቺ ልዩነት ቀላል አይደለችም። ዋናውን ማብሪያ አውርጄ ከእሱ በላይ ያለውን ሉፕ በሃይ ከረንት እለካለሁ። እዚያ የሚጥል አርሲዲ የለም። ጫፎቹ ግን መብራት አለባቸው፣ ጓንትህን አትርሳ። ከዚያ በጠፋ መስመር የፌዙንና የኤርዙን ገመድ ሬዚስታንስ እስከ መጨረሻው ሶኬት ለክቼ ከፊተኛው ንባብ ጋር እደምረዋለሁ።

አንዳንዱ ለመለካት ብሎ አርሲዲውን በሽቦ ያሻግረዋል፣ ከዚያ መፍታቱን ይረሳል። ኤርዙ መሬት ውስጥ የተቀበረ የራሱ ብረት ብቻ የሆነ ቤት ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። ሸዋ ሮቢት በበጋ የአንድ ግቢ ኤርዝ ስለካ ከ100 ኦም በላይ አገኘሁ። 220 ቮልት በዚያ ውስጥ ከ2.2 አምፔር በላይ ስለማያሳልፍ ብሬከሩ ጭራሽ አያውቀውም። አርሲዲው ግን የንክኪ ወሰን የሆነውን 50 ቮልት ለ0.03 አምፔር ስታካፍል እስከ 1,667 ኦም ድረስ ይሠራልሃል።

ክላምፑ ስንት እንዳነበበ ጻፍልኝ፣ ምጣዱ ተሰክቶም ተነቅሎም።