ጥያቄና መልስ፦ ከአሜሪካ የመጣ ማጫወቻ ሸክላውን ለምን ያዘገየዋል?

ጥያቄ፦ ብዙም ያልታወቁ የብሮድዌይ ሙዚቃዊ ቴአትሮችን በሸክላ እሰበስባለሁ። አጎቴ ከአሜሪካ በቺንጋ የሚዞር ማጫወቻና «ኤኒዋን ካን ዊስል» የተባለውን ሙዚቃዊ ቴአትር ሸክላ ላከልኝ። 110 ቮልት የሚሰጥ ትራንስፎርመር ገዝቼ ሳጫውተው የተዋናይቷ የአንጄላ ላንስበሪ ድምፅ ጎርናና ሆነ፤ ዘፈኑም ይጎተታል። ሸክላው ተበላሽቶ ይሆን? (ከለገጣፎ)

መልስ፦ ሸክላዎ ደህና ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ኸርዙን፣ ማለትም መብራቱ በሰከንድ የሚመላለስበትን ብዛት፣ አይነካም። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ የእኛ 50። በቀጥታ በመብራት የሚሠራ ኤሲ ሞተር ደግሞ ፍጥነቱን የሚወስደው ከኸርዙ ነው። ስለዚህ በደቂቃ 33 ከሲሶ መዞር የነበረበት ሸክላ 27.8 ይዞራል፤ የሦስት ደቂቃ ዘፈን 3 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ይፈጃል፣ ድምፁም በሙዚቃ ልኬት አንድ ተኩል ቶን ይወርዳል።

ለማረጋገጥ ከሸክላው ሥር ቀጭን ወረቀት ወጣ አድርገው ያስገቡና መርፌውን ሳያሳርፉ ለሦስት ደቂቃ ዙሩን ይቁጠሩ። ትክክለኛው 100 ነው፤ 83 ካገኙ ምክንያቱ ይኸው ነው። ማዞሪያውን ወደ 45 ማድረግ አይጠቅምም፤ 37.5 ስለሚዞር አሁን ደግሞ ይፈጥናል።

መፍትሔው ሞተሩ ራስ ላይ ያለችው፣ ቺንጋው የሚያልፍባት ፑሊ ናት። ለብዙ አሮጌ ማጫወቻዎች የ50 ኸርዝ ፑሊ ተሠርቶላቸው ነበርና መጀመሪያ እሱን ያፈላልጉ። ከታጣ ቶርኖ ቤት ያስቀርጹ፦ ዲያሜትሩ ላይ የቺንጋው ውፍረት ተደምሮ በ1.2 ይባዛል፣ ከዚያ ውፍረቱ ይቀነሳል። የድሮዋ 10 ሚሊ ሜትር፣ ቺንጋው 0.6 ከሆነ፣ አዲሷ 12.1 ትሆናለች። ቀዳዳው ትክክል መሃል ላይ መዋል አለበት፤ በፀጉር ያህል ከሸሸ ረጅም የተያዘ ድምፅ ይርገበገባል፣ ፒያኖ ላይ ደግሞ ይብሳል። ማጫወቻው የሚሠራው በዲሲ አዳፕተር ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ተመሳሳይ ቮልት የሚሰጥ የ220 አዳፕተር ይበቃዋል።

ይህ ሸክላ ድካሙ ይገባዋል። ቴአትሩ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 4 ቀን 1964 ተከፍቶ ከ9 ትርኢት በኋላ ተዘጋ፤ ኮሎምቢያ የተባለው የሸክላ አሳታሚ በማግስቱ ተዋንያኑን ስቱዲዮ አስገብቶ ባይቀዳቸው ኖሮ ያን ቡድን ዛሬ አንሰማውም ነበር። ሽፋኑ ላይ «ኬ ኦ ኤስ 2480» ካለ ስቴሪዮ፣ «ኬ ኦ ኤል 6080» ካለ ሞኖ ነው።

ጥያቄ፦ ከክረምት በኋላ ሸክላዎቼ ነጭ ሻጋታ አወጡ። በአልኮል ልጠርጋቸው? (ከሰበታ)

መልስ፦ በ78 የሚዞሩት የድሮዎቹ ካሉ አልኮል አያስነኳቸው፤ የተሠሩበትን ሙጫ ያሟሟዋል። ለሁሉም የሚሆነው አንድ ሊትር የተጣራ የባትሪ ውሃ (አሲዱን አይደለም!) ከሁለት ሦስት ጠብታ ሽታ የሌለው የዕቃ ሳሙና ጋር ነው። አፍንጫዎን ሸፍነው ደጅ ላይ፣ በለስላሳ ጨርቅ የመስመሩን ዙር ተከትለው ይጥረጉ፤ መሃል ያለው ወረቀት አይራስ። በንጹሕ የባትሪ ውሃ አለቅልቀው በጥላ ያቁሙት። የውስጡን የወረቀት ከረጢት ይጣሉት፣ ሻጋታው የሚመለሰው ከእሱ ነው። የውጪውን ሽፋን ግን በደረቅ ብሩሽ አራግፈው ያስቀምጡት። መደርደሪያው ከብሎኬቱ ግድግዳ አንድ ጋት ይራቅ፤ ሸክላዎቹም ቆመው ይደርደሩ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተጋድመው ከቆዩ በበጋ ይጣመማሉ።