«ልጄ ከእጄ ወጣብኝ»፦ ስለ እምቢ ባይ ልጆችና ስለ ሕግ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጄ አልሰማ ብሎኛል። ትምህርት ቤት ብሎ ወጥቶ ሌላ ቦታ ይውላል፣ ያመሻል። ለሁለት ሌሊት ፖሊስ ጣቢያ ቢያድር ይደነግጥ ነበር። ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም እናቴ። እባክዎ አያድርጉት። በኢትዮጵያ ሕግ እናትን አለመታዘዝም፣ ከትምህርት መቅረትም፣ ማምሸትም ወንጀል አይደለም። ወንጀል ከሌለ ፖሊስ ልጁን የሚያስርበት ምክንያት የለውም። ይህን ሐሳብ ከጨነቃቸው ወላጆች ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፣ ጭንቀታቸውም ይገባኛል። ግን ልጁ ጣቢያ ሲያድር የሚማረው እዚያ ካገኘው ሰው ነው። ሲወጣ ደግሞ ቂሙን ይዞ የሚመጣው እርስዎ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለወላጅ ምን ቀረለት?

መልስ፦ ሥልጣን አለው። የልጁን መኖሪያ የሚወስነው ወላጅ ነው፤ ጥሎ ቢሄድ እንዲመለስ ማስገደድ ይችላል። ለማነጽ ያህል መገሠጽም ይፈቀዳል። ልጅን ማሠቃየት ግን በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 576 ያስጠይቃል።

ጥያቄ፦ ሰርቆ ቢያዝስ?

መልስ፦ ያኔ ዕድሜው ወሳኝ ነው። ከ9 ዓመት በታች ከሆነ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ከሆነ የአዋቂ ቅጣት አይፈጸምበትም፣ ከአዋቂ እስረኞች ጋርም አይታሰርም። ዳኛው ሊወቅሰው፣ በትርፍ ሰዓቱ ከቤት እንዳይወጣ ሊያዝ፣ በክትትል እንዲያድግ ለዘመድ ሊሰጠው ይችላል። ከበድ ሲል ጠባይ ማረሚያ ይገባል፤ ይህም ከ1 እስከ 5 ዓመት ነው፣ ከ18 ዓመቱም አያልፍም። ከ15 በላይ የሆነው በመደበኛው ሕግ ይዳኛል፣ ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። ፖሊስ ልጁን ሲይዝ ወዲያው ወደ ፍርድ ቤት ማቅረብ አለበት። «ነገ ና» ካሏችሁ አትቀበሉ። እዚያው ቆማችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሲያትል ነው የምኖረው። የ15 ዓመት ልጄ ከቤት ከጠፋች 4 ቀኗ ነው። ፍርድ ቤት ይረዳኛል?

መልስ፦ መጀመሪያ፣ አሁኑኑ፣ መጥፋቷን ለፖሊስ ያሳውቁ። ከዚያ በዋሽንግተን ግዛት ወላጅ ራሱ «ለአደጋ የተጋለጠ ወጣት» የሚባለውን አቤቱታ ለታዳጊዎች ፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላል። ከ72 ሰዓት በላይ ያለ ፈቃድ መጥፋት አንዱ ምክንያት ነው። ራሷን ወይም ሌላ ሰው አደጋ ላይ እስከመጣል ድረስ ከቁጥጥር መውጣትም ሌላው ነው። አስቀድሞ የቤተሰብ ግምገማ ይደረጋል። ጉዳዩ የወንጀል ክስ አይደለም። ዳኛው ቤት እንድትኖር፣ ትምህርት ቤት እንድትሄድ፣ ምክር እንድታገኝ ሊያዝ ይችላል። አንድ ነገር አደራ ወንድሜ፦ እንግሊዝኛ ቢቸግርዎ አስተርጓሚ ይጠይቁ። ልጅቷን በራሷ ጉዳይ አያስተርጉሟት።

ጥያቄ፦ የ16 ዓመቱን ልጄን ላባርረው?

መልስ፦ አይሆንም። 18 እስኪሞላው ኃላፊነቱ የእርስዎ ነው። ነገ ጠዋት የክፍል ኃላፊ መምህሩን ያግኙ፣ ከዚያ የወረዳዎን የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት። የሚሰማው አጎት ወይም የንስሐ አባት ካለም ዛሬ ማታ ይደውሉለት።